መቶ በመቶ የተፈጸመው የውሃ ዕቅድ

አንድ ጊዜ፣ በጋው በርትቶ የኩሬው ውሃ ከቁርጭምጭሚት በታች ሲወርድ፣ አንበሳ የዱር እንስሳትን ሰብስቦ ዕቅድ ይውጣ አለ። ዓላማውም «ክረምት እስኪገባ ማንም በውሃ ጥም እንዳይሞት» ተባለ። ይህ ሲነበብ እመት አህያ ጆሮዋን አቆመች፤ እርጉዝ ናትና ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይሆንላትም።

ተግባሮቹን የጻፈው ቀበሮ ነው። አዋቂ ስለሆነ ማንንም አላስቸገረም፤ ሁሉም ድሮ የሚሠራውን እየጠየቀ አሰፈረው። ጦጣ ዛፍ ትወጣለች፤ አንበሳ ጥላ ሥር ተጋድሞ በበላይነት ይከታተላል፤ አያ ጅቦ አጥንት እየቆረጠመ አካባቢውን ያጸዳል፤ አህያ ጠዋትና ማታ ታናፋለች።

አህያ ዕቅዱን ሁለት ጊዜ አስነበበች።

«አቶ ቀበሮ፣ እኔ ሳናፋ ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«እመት አህያ፣ ዓላማው ከላይ አለ፤ ተግባሩም ከታች አለ። አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ከዚህ በላይ እንዴት ይገናኙ?»

አያ ጅቦ በዕቅዱ መርካቱን ገልጾ፣ አጥንት ካነሰው በጥም ከሚወድቁት እንዲሟላለት በትሕትና ጠየቀ። ይህን ሲል አህያን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

በማግስቱ አህያ ሳታናፋ ወደ ደረቀው ጅረት ወረደች፤ አሸዋውን በኮቴዋ ትቆፍር ጀመር።

በወሩ ግምገማ ተጠራ። ኩሬው ተሰነጣጥቋል። ቀበሮ በደረቀ ምላሱ ሪፖርቱን አነበበ፤ ዛፍ መውጣት መቶ በመቶ፣ አጥንት መቆርጠም መቶ ሃያ በመቶ፣ ማናፋት ዜሮ። አያ ጅቦ አህያ ላይ ቅጣት ቢወሰን ለማስፈጸም ዝግጁ መሆኑን አሳወቀ።

«ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አላት አንበሳ፣ ከጥሙ የተነሣ ድምፁ አልወጣ ብሎ።

«ጌታዬ፣ ከዓላማው ተነሥቼ ወደ ኋላ አሰብኩ። እንዳንሞት ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ የቀረው ከአሸዋው ሥር ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው መቆፈር ነው። ስለዚህ ቆፈርኩ።»

አንበሳ ተከትሏት ወረደና እስኪረካ ጠጣ። ሌሎቹም ጠጡ። ለአያ ጅቦ መዳፉ ለቁፋሮ የተመቸ መሆኑ ተነገረውና እያጉረመረመ ሁለተኛውን ጉድጓድ ጀመረ። ቀበሮም ከጠጣ በኋላ ሪፖርቱ ግርጌ «ውሃ ተገኝቷል» ብሎ ጨመረ፤ የአህያን ዜሮ ግን አልነካውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቅድ ስናወጣ ከዓላማው ተነሥተን «ይህ እንዲሆን ምን መሠራት አለበት?» ካላልን፣ ሥራችንን ሁሉ በሚገባ ጨርሰን በጥም ልንሞት እንደምንችል ነው።