የኤሊ ዋስትና

ተረት ልንገራችሁ፤ ቤት ያላችሁ በራችሁን ዝጉና ስሙኝ።

ጦጢት ለጥንቸሎች የምታከራያቸው አሥር ጉድጓዶች ልታስቆፍር አሰበች። ለቆፋሪዎቹ ቀበሮዎች ቀለብ የሚሆነውን ሥጋ አያ ጅቦ ሊያበድራት ተስማማና፣ «ቤት ያለው ዋስ አምጪ፤ እግሩን ሸክላ ጭቃ ላይ ያትምልኝ» አላት።

በዚያ አገር የራሱ ቤት የነበረው ኤሊ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅበትም።

«ጋሼ ኤሊ፣ ለወጉ ያህል ነው እኮ! እግርዎን አሳርፎ ማንሳት ብቻ!» አለችው። እንዳትቀየመው ብሎ ረገጠላት።

ክረምት ገባ። ጎርፉ አሥሩንም ጉድጓድ ደፈናቸው። ጦጢት ዛፍ ላይ ወጣች። አያ ጅቦም የደረቀውን ጭቃ ይዞ ኤሊ ዘንድ መጣ።

«ሥጋውን የበላሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ኤሊ።

«አይደለህም። ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም፤ ቤቱን ብቻ ልቀቅልኝ።»

«አያ ጅቦ፣ ቤቱ እኮ ጀርባዬ ነው! ከእሱ ወጥቼ እንዴት እኖራለሁ?»

«እሱን ስትረግጥ ነበር ማሰብ።»

በማግስቱ ባዶው የኤሊ ድንጋይ ልብስ ወንዙ ዳር ተገልብጦ ዝናብ ሲጠራቀምበት ዋለ። ጦጢት ከዛፏ ላይ ቁልቁል አየችውና፣

«አያ ጅቦ፣ ለዚያ ቤት ተከራይ ላፈላልግልህ?» አለች።