የትሁኔ የስፌት መኪናና የሁለት ወንድማማቾች ድልድይ

ኑማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ረጅም ነው፤ ግን እየደጋገምኩ ስለምነግራችሁ አይጠፋባችሁም።

በአንዲት አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት እህትማማቾች ልብስ ይሰፉ ነበር። ታላቋ ትሁኔ፣ ታናሿ ይታይሽ ይባላሉ። ስፌቱን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ሁለቱም በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ነበራቸው። አንዷ ሥራ ሲበዛባት ደንበኛዋን "እዚያ ማዶ እህቴ ጋ ውሰጂው" ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ይታይሽ ሞተር ያለው መኪና ገዛች። ጫን ስታደርገው ዝርርር ይላል። የትሁኔው ደግሞ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ። የልጆቻቸውን ዩኒፎርም የሚያሰፉ እናቶች አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። ትሁኔ በመስኮት ታያቸዋለች። ማዶ ሳቅ ስትሰማ በእሷ የሚስቁ ይመስላታል። ምሳዋ አይወርድላትም። ያ ዝርርር የሚለው ድምፅ ሆዷ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ይመስላታል። ይታይሽ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ፣ እትዬ?" ስትላት አቀርቅራ መርፌ ትፈልጋለች፤ መርፌው እጇ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የትሁኔ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ ሞተር ያለው የስፌት መኪና።

ያጠራቀመችውን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ነጋዴው ወደ አቶ ሸዋንዳኝ ሄደች።

"አቶ ሸዋንዳኝ፣ መኪና ይሽጡልኝ።"

"አልሸጥም" አለ ነጋዴው።

"ምነው? የእኔ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም?"

"ገንዘብሽማ ገንዘብ ነው። መኪናዎቼ ግን ጉምሩክ መጋዘን ናቸው። የስፌት መኪና ቀረጥ ሊቀንስ ነው ይባላል። ዛሬ በድሮው ቀረጥ አስወጥቼ ብሸጥ፣ ነገ ያ ጎረቤቴ በርካሽ ያስመጣና ደንበኛዬን ሁሉ ይወስዳል። እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ሲስቅብኝ ከማይ ሱቄ ቢዘጋ ይሻለኛል! ጉምሩክ በአዲሱ ቀረጥ ይልቀቅልኝ፤ ያኔ እሸጥልሻለሁ።"

ትሁኔ አልተከራከረችውም። የጎረቤት ነገር ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ጉምሩክ ሄደች።

"ጌታዬ፣ የነጋዴውን መኪናዎች ይልቀቁለት! ጉምሩክ አልለቀቀም፤ ነጋዴው አልሸጠም፤ እኔም መኪናዬን አላገኘሁም።"

"አልለቅም" አለ የጉምሩክ ሹሙ። "ሚኒስትሩ አዲሱን ቀረጥ አልፈረሙበትም። ሳይፈረም ብለቅ፣ ያ በሌላው በር ያለው ባልደረባዬ ሮጦ ሄዶ ይናገርብኛል። ለአንድ ሹመት የታጨነው እኔና እሱ ነን። እሱ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እኔ ቆሜ 'አቤት ጌታዬ' ስለው ይታይሽ! ሂጂ፣ ሚኒስትሩ ይፈርሙ።"

የእህቷን ስም የጠራባት መስሏት ትሁኔ ደነገጠች። ደንግጣም ተናደደች፤ ተናዳም ወደ ገንዘብ ሚኒስትሩ ሄደች። ዘበኛውን ለመነች፣ ጸሐፊዋን ለመነች፣ ገባች።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ይፈርሙ እንጂ! ሚኒስትሩ አልፈረመም፤ ጉምሩክ አልለቀቀም፤ ነጋዴው አልሸጠም፤ እኔም መኪናዬን አላገኘሁም።"

ሚኒስትሩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ወንበር ሰጧት።

"እህቴ፣ ቀረጡ ቢቀንስ ደስታዬ ነው። ደብዳቤው ይኸው፣ ብዕሬም ይኸው። ግን የበጀት ዓመቱ ተጋምሷል። ዓመቱ ሲጋመስ ምክር ቤቱ በጀቱን ይከልሳል። የትኛው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ጨረሰ፣ የትኛው ተረፈው፣ ከማን ተነሥቶ ለማን ይሰጥ፣ የትኛው ቀረጥ ይቀነስ፣ ይላል። ያ ሳይጸድቅ ብፈርም የመንገድ ሚኒስትሩ 'ብቻውን ይወስናል' ብለው ያሙኛል። እንዲያውም..." አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጋዜጣ ላይ ሁልጊዜ የሚወጣው የእሳቸው ፎቶ ነው። አስተውለሻል? የእኔ አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሂጂ፣ ምክር ቤቱ ያጽድቅ።"

ትሁኔ ወደ ምክር ቤቱ ሄደች። እንደራሴዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አፈ ጉባኤዋን አገኘቻቸው።

"እመቤቴ፣ አጽድቁት እንጂ! ምክር ቤቱ አላጸደቀም፤ ሚኒስትሩ አልፈረመም፤ ጉምሩክ አልለቀቀም፤ ነጋዴው አልሸጠም፤ እኔም መኪናዬን አላገኘሁም።"

"ያልተነበበ ነገር እንዴት እናጽድቅ?" አሉ አፈ ጉባኤዋ። "ክለሳውን የሚያነበው የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳምጠው ነው። አላነብም ብሎ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ብንለምነው አልሰማንም፤ እስቲ አንቺን ይስማሽ።"

ትሁኔ የአቶ ዳምጠውን በር ከፈተች። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

"አቶ ዳምጠው፣ ያንብቡት እንጂ! ሰብሳቢው አላነበበም፤ ምክር ቤቱ አላጸደቀም፤ ሚኒስትሩ አልፈረመም፤ ጉምሩክ አልለቀቀም፤ ነጋዴው አልሸጠም፤ እኔም መኪናዬን አላገኘሁም።"

"አላነብም!" አለ አቶ ዳምጠው፣ ዞር ሳይል። "ከተረፈው በጀት ለወንዛችን ድልድይ ተመደበ። በማን ወረዳ ስም? በወንድሜ በአያልነህ! ከወንዙ ወዲህ የእኔ ወረዳ፣ ከወንዙ ወዲያ የእሱ። ልጆች ሆነን አዲስ ጫማ ሲገዛ ለእሱ፣ ሥጋ ሲቆረጥ ለስላሳው ለእሱ። አሁን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ በገዛ አፌ 'ድልድዩ የአያልነህ ነው' ልበል? ድልድዩን ይተውልኝ፤ ያኔ አነባለሁ።"

ወንድሙም እንደራሴ ነው፤ ቢሮው ከኮሪደሩ ማዶ ነበር፤ በር ለበር ነው። ትሁኔ ተሻገረች።

"አቶ አያልነህ፣ ድልድዩን ይተዉለት እንጂ! ወንድም ለወንድም አልተወም፤ ሰብሳቢው አላነበበም፤ ምክር ቤቱ አላጸደቀም፤ ሚኒስትሩ አልፈረመም፤ ጉምሩክ አልለቀቀም፤ ነጋዴው አልሸጠም፤ እኔም መኪናዬን አላገኘሁም።" ብላ ትንፋሿ አለቀና በሩ መቃን ላይ ተደገፈች።

አቶ አያልነህ ውሃ ቀዳላት። ጠጥታ እስክትጨርስም ጠበቃት።

"አልተውም" አለ ከዚያ። "ጤና ጣቢያው በእሱ በኩል ነው የተሠራው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእኔ ወረዳ ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት እዚህ ዳር ተቀምጣ ማዶ ያለውን ጤና ጣቢያ ታያለች። ሌላ ምንም ማድረግ አትችልም፤ ታያለች። ባለፈው ክረምት አንዷ እዚያው ዳር ላይ ሞተችብን። እንዴት ነው የምተወው?"

አቶ አያልነህ ብርጭቆውን ተቀበላትና፣ "እውነቱን ልንገርሽ አይደል? ጤና ጣቢያው ለእሱ ሲሠራለት ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም" አለ። ከዚያም ድካሟን አይቶ ጠየቃት።

"ለመሆኑ አንቺ እንዲህ የምትንከራተቺው የምትሰፊበት መኪና አጥተሽ ነው?"

"አለኝ። በእግር የሚረገጥ።"

"ተሰበረ?"

"አልተሰበረም። ደህና ይሰፋል።"

"ታዲያ?"

"ማዶ ያለችው እህቴ ሞተር ያለው ገዛች።"

"ገዝታስ ምን አደረገችሽ?"

ትሁኔ አፏን ከፈተች። በነዚያ ሁሉ ወራት በሆዷ ያጠራቀመችውን ልትዘረግፈው ነው። ፈለገች፣ ፈለገች፤ የሚዘረገፍ ነገር አላገኘችም።

"ምንም" አለች። "ገዛች።"

"ታናግሪያታለሽ?"

"እሷ ታናግረኛለች።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ትለኛለች። እኔ ነኝ የማልመልስላት።"

አቶ አያልነህ የተከፈተውን በር አየ። በኮሪደሩ ማዶ የተዘጋውንም የወንድሙን በር አየ። ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ተሻገረ። ትሁኔም ተከተለችው።

"ዳምጤ" አለ ሳያንኳኳ ገብቶ፤ "ድልድዩን በአንተ ወረዳ ስም አንብበው።"

አቶ ዳምጠው ከግድግዳው ዞረ። ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ምን ተንኮል አስበህ ነው?"

"ተንኮል የለውም። ሰው ይሻገርበት እንጂ በማን ስም ቢሆን ግድ የለኝም። ይሄን ስልህ ግን ሆዴን እያመመኝ ነው። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ሂድና አንብበው!"

አቶ ዳምጠው መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። "ያቺ ዳር ላይ የሞተችው ሴት..." አለ። "ባሏ መጥቶ ነግሮኛል። ነግሮኝም እዚህ ተቀምጬ ነበር።" ወረቀቱን አነሣ። "በሁለታችን ስም አነበዋለሁ። የእኔ ግን ይቀድማል፤ ታላቅ ነኝ።"

"ይቅደም" አለ አያልነህ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ያኔ ወንድም ለወንድም ተወ፤ ሰብሳቢው አነበበ፤ ምክር ቤቱ አጸደቀ፤ ሚኒስትሩ ፈረመ፤ ጉምሩክ ለቀቀ፤ ነጋዴው ሸጠ፤ ትሁኔም መኪናዋን አገኘች!

መኪናው በጋሪ መጣ። ባለጋሪው ደጅ ላይ አውርዶት ሄደ። ትሁኔ ልታነሣው ሞከረች፤ ከበዳት። ቀና ስትል ይታይሽ መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው ጫፍ ይዛዋለች። አንሥተው አስገቡት።

"ክሩ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለች ትሁኔ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ይታይሽ ክሩን በምራቋ አርጥባ አስገባችላት። ጫን አደረጉት፤ ዝርርር አለ። ከመርፌው በላይ ትንሽ መብራት ቦግ ብሎ በራ።

"ይሄ መብራት አለው እንዴ?" አለች ይታይሽ ቀስ ብላ። "የእኔ የለውም።"

ትሁኔ የእህቷን ፊት አየች። ጠቆር ብሏል። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ የራሷን ስታይ የኖረችው እሱኑ ነው። በመጀመሪያ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ቀጥሎ ደግሞ ጨነቃት።

"ሲመሽ ጥቁር ልብስ የምትሰፊ ከሆነ እዚህ ነይና ስፊ" አለቻት።

"እውነትሽን ነው፣ እትዬ?"

"እውነቴን ነው። ሐሳቤን ሳልቀይር ልብሱን አምጪው።"

ይታይሽ ልብሱን ልታመጣ መንገዱን ተሻገረች።

የእኔ ወሬ እዚህ ያበቃል። የሰማችሁትን ለጎረቤታችሁ ንገሩት፤ ከእኔ አሳምራችሁ ከነገራችሁት ግን እቀናለሁ።