በካርድ የማይጠራ ሰው

አንድ ሰው በአዳራሽ በር ላይ ቆሟል። ልጁን የሚድርበት ቀን ነው። በግራ እጁ የስም ዝርዝር፣ በቀኝ እጁ እስክሪብቶ ይዟል። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት መቶ ሃያ ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ሁሉም ማር ተሞልቶባቸዋል፤ አንገታቸው ላይ ነጭ ጥብጣብ ታስሯል፤ ሆዳቸው ላይ የሙሽሮቹ ስም፣ «መክሊትና ኢዮብ» ተብሎ፣ ከነቀኑ ተጽፏል።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት በዱቄት ፋብሪካ ላቦራቶሪ የሠራ ነው። የስንዴ እርጥበት ሲለካ የኖረ ሰው በግምት አያምንም። ማሩን ሲያስሞላ እንኳ እያንዳንዱን ብልቃጥ በሚዛን አሳልፏል። «አንዱ እንግዳ ከሌላው አንሶበት መሄድ የለበትም» ይል ነበር።

ጎረቤቶቹ ቀልደውበታል። «ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ሰው ከሠርግ የሚያስታውሰው ወጡን ነው!» እሱ ግን «ያከበረኝን ሰው ባዶ እጁን አልሸኝም» አለ።

መልካም ሐሳብ አይደለም? መልካም ነው። ታዲያ ክፋቱ የት ላይ ነው? ቆዩ።

ዝርዝሩን የጻፈው ከጥሪ ካርዱ ነው። ካርድ የወሰደ ሁሉ ስሙ አለ፤ በሩ ላይ ምልክት ሲደረግበት አንድ ብልቃጥ ተቀብሎ ይገባል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር የቤት ሰው በካርድ አይጠራም። ሽንኩርት ልትከትፍ ከሦስት ቀን በፊት ለምትመጣ ጎረቤት ማን ካርድ ይልካል? ብትልኩላትም ትቆጣለች። «ባዳ አደረጋችሁኝ?» ትላለች።

እትዬ ወሰንየለሽ እንዲህ ያለች የቤት ሰው ነበረች። ቤቷ ከሰውየው አጥር ቀጥሎ ነው። መክሊት በሰባት ዓመቷ እናቷ ስትሞትባት፣ በየማለዳው አጥሩን ዞራ እየመጣች ፀጉሯን ጎንጉና ትምህርት ቤት የላከቻት እሷ ናት። በሠርጉም ቀን ከአዳራሹ ጀርባ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ወጥ ስትሠራና ስታወጣ ዋለች።

ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሊገቡ ሲሉ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በጎን በኩል ብቅ አለች። ልጅቱን በቬሎ ለማየት ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ስትደርስ አንዱን ብልቃጥ አነሣችና ጽሑፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ማንበብ አልተማረችም። «መ»ን ግን ታውቃታለች፤ መክሊት አንደኛ ክፍል ሳለች አስጠንታታለች።

«እትዬ፣» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ከዝርዝሩ ሳያነሣ፣ «እሱ ለእንግዶች ነው። በቁጥር ነው የተሠራው።»

ጣቷን ከጽሑፉ ላይ አነሣች። ከዚያ ብልቃጡን ወደ ቦታው መለሰች። ጥብጣቡ ዞሮ ስለ ነበር እንኳ አስተካከለችለት።

«እውነትህን ነው» ብላ ሳቀች። «እኔ ምን እንግዳ ነኝ፣ የመክሊት አባት? የቤት ሰው ነኝ።»

እሱም እፎይ አለ። ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። እሷ ነውሩን በሳቅ ሸፈነችለት፤ እሱ ግን የተሸፈነለት ነገር እንዳለ እንኳ አላወቀም። ያየው ቁጥሩ አለመዛባቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ወሰንየለሽ ትልቅ ሳፋ ተሸክማ ወደ ቤቱ መጣች።

«የእንግዶችህ ዕቃ ነው» አለችው። «ረስተውት ሄደዋል። ከጠረጴዛ ሥር፣ ከወንበር ላይ፣ አንዱንማ ከአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ማር ጉንዳን ይጠራል ብዬ አጥቤዋለሁ። ቁጥሩ እንዳይጎድልብህ ሁሉንም ነው ያመጣሁት።»

ሳፋውን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሰውየው እንደ ልማዱ ቆጠረ። መቶ ሠላሳ ሰባት። በየስማቸው ምልክት አድርጎ የሰጣቸው እንግዶች ጥለውት የሄዱት ነው። «በቁጥር ነው የተሠራው» ያለው የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ጮኸበት። ፊቱ ጋለ። አንዱን አንሥቶ ሊጠራት ፈለገ። ግን የትኛውን ይስጣት? ሰው የጣለውን? በአዳራሹ በር ላይ ቢሰጣት ክብር ነበር። አሁን ትራፊ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ እሱ ቤት መጡ። የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ለማዕድ ተቀምጧል። እትዬ ወሰንየለሽ ወጥ ይዛ ስትዞር መክሊት ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ማሩ ደረሰሽ? አባዬ ሰጠሽ አይደል? ስሜን በትልቁ ጻፉልኝ ያልኩት ላንቺ ብዬ እኮ ነው። ‹መ›ዋን እንድታያት!»

ሰውየው የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰ። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። «አልሰጠኋትም» የምትል አንዲት ቃል ናት። ግን አማቾቹ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ። አፉን ከፈተ። ያንኑ ጉርሻ አንሥቶ ጎረሰበት።

«ሰጥቶኛል እንጂ!» አለች እትዬ ወሰንየለሽ። «በገዛ እጁ። ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ማንም አይነካብኝም።»

«ጎሽ አባዬ!» አለች ልጁ።

እሱም ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ፣ ወገኖቼ! በሠላሳ ዓመት ሥራው አንዲት የሐሰት ቁጥር ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ላልሰጠው ስጦታ ምስጋና ተቀበለ።

በሦስተኛው ቀን አጥሩን ዞሮ ወደ ቤቷ ሄደ። ባዶ እጁን ነው። እትዬ ወሰንየለሽ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ የእድሩን ድስቶች በአሸዋ ትፈትጋለች።

«ዋሸሽልኝ» አላት፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ላንተ ብዬ መሰለህ?» ቀና አላለችም። «ያችን ልጅ እኔ ነኝ የጎነጎንኳት። በመልሷ ቀን፣ በአማቶቿ ፊት በአባቷ ትፈር?»

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ። የከፋሽ አልመሰለኝም ነበር።»

«የቤት ሰው ነኝ አልኩህ እንጂ አልከፋኝም መቼ አልኩህ?» ድስቱን አገላበጠች። «ለመክሊት ራስህ ትነግራታለህ። እኔ ሁለተኛ አልዋሽልህም።»

«እነግራታለሁ።»

«እንግዲያው ልትፈትግ ከሆነ ግባ። ካልሆነ በሩን ዝጋልኝ፣ በጉ ይወጣል።»

ገባ። እጅጌውን ሰብስቦ ትልቁን ድስት ያዘ። ጨረስኩ ሲል አገላብጣ አየችና ድስቱን መልሳ ሰጠችው። «ሥሩ አልለቀቀም። ሚዛን ብቻ ነው የምታውቀው?» እንደገና ፈተገ። ከዚያ ጥላሸት በነካ እጁ ስልኩን አወጣ።

«መክሊት፣» አለ፣ «ያ ማር… ለእትዬ አልሰጠኋትም። ከእጇ ነው ያስመለስኩት።»

ልጁ ምንም አልመለሰችም። እሱም ስልኩን አልዘጋም። በትከሻው ደግፎ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ለሠርግ እንግዳ ማስታወሻ መስጠት ይጠቅማል ወይስ ከንቱ ልፋት ነው? ልጃችሁን የምትድሩ ይህን ትጠይቃላችሁ። ስጡ። ማር ስጡ፣ ሻማ ስጡ፤ አቅም ባይኖራችሁ አመስግናችሁ ሸኙ። ከመቶ ሠላሳ ሰባቱ ሌላ፣ ወደ ቤቱ ወስዶ የተደሰተበትም ብዙ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ዝርዝሩን ከምን ላይ ትጽፉታላችሁ?

በቃናው ሠርግ ወይኑ ከየት እንደ መጣ ማን ነበር ያወቀው? በክብር የተቀመጠው ነው? አይደለም። ውኃ የቀዱት ናቸው። ጌታ ሥራውን ያሳየው ለጓዳ ሰዎች ነው። የእኛ ዝርዝር ግን አዳራሹ በር ላይ ያልቃል።

ለባዳ ጥብጣብ እናስራለን። ለሚስታችንስ? ለእህታችንስ? በቤታችን ለምትሠራውስ? «የቤት ሰው ናት፣ ትረዳናለች» እንላለን። አዎ፣ ትረዳናለች። መረዳቷን ግን እንዳልከፋት አድርገን ቆጥረንባታል።

ሌላ ሰው የሸፈነልንን ነውር እንደ ጽድቃችን ለብሰን እዚህ የተቀመጥን ስንቶቻችን ነን? እጃችሁን አታንሡ፤ እኔም አላነሣም። ግን ፊታችን ይጋል። ለዛሬ ማፈር ይበቃናል፤ ማፈር አጥር ያስዞራል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ በፊት ለፊቱ በር አትግቡ። ዞራችሁ በጓዳው ግቡ። እዚያ ማን እንዳለች እዩ። የምትሰጧት ባይኖራችሁ እንኳ በስሟ ጥሯትና «ምን ላግዝሽ?» በሏት። ድስት ከሰጠቻችሁም፣ ሥሩን አትርሱ።