ገል ያለቀባት ከተማ

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ተውሶ ይምጣ።

ድሮ ድሮ፣ በግሪክ አገር፣ ባሕር ዳር ላይ ካሊዶራ የምትባል የእንስሳት ከተማ ነበረች። ዝም ብላ ከተማ እንዳትመስላችሁ! ዓምዶቿ እብነ በረድ፣ ኮረብታዋ በሙሉ ወይራ። ዘይቷ በጋንና በእንስራ ተሞልቶ በመርከብ ይወጣል፣ ስንዴ በመርከብ ይገባል። ንጉሥ የላትም። ሁሉም አደባባይ ወጥቶ ይከራከራል፤ ፍየሏ ከበሬው እኩል ትናገራለች።

ንጉሥ እንዳይነሳባቸው አንድ ሕግ አወጡ። በዓመት አንዴ ሁሉም የሸክላ ስባሪ፣ ገል ይዞ ይመጣል፤ ገሉ ላይ የአንዱን ስም ይጭራል። ስሙ የበዛበት ከተማዋን ለቆ ይሄዳል። ገሉ ተቆጥሮ ባሕር ይጣላል። ገል እንደሆነ ሞልቷል፤ በየቤቱ የወደቀ እንስራ አይጠፋም።

እመት ድመት ይህን ሕግ ወደደችው። ሌላው ሲመሰገን መስማት ሆዷን ይቆርጣታል።

አንድ ዓመት ሁሉም «ውሻ ባይኖር ቀበሮ ወይናችንን ይጨርሰው ነበር» አሉ።

ድመት በየበሩ ዞረች። «ሰማችሁ? እንዲህ የተመሰገነ ነገ ዘውድ ይደፋል!»

ጫሩ። ውሻ ሄደ።

በዓመቱ «በሬ ባያርስልን ምን ይውጠን ነበር?» አሉ።

«ሰማችሁ?» አለች ድመት። «የቀንዶቹ መሃል ለዘውድ ልክ ነው እኮ!»

ገል አነሰ። «ታዲያ ስበሩ!» አለቻቸው። ደህና ደህናውን እንስራ ሰብረው ጫሩ። በሬም ሄደ።

ከዚያማ ለመዱት። በየዓመቱ ሰበሩ፣ ጫሩ፣ አባረሩ። መርከቦች መጥተው «ዘይቱስ?» አሉ።

«ዘይቱ ዛፍ ላይ አለ፤ መያዣ የለንም።»

መርከቦቹ ሳቁና ሄዱ።

በመጨረሻ አንድ ጋን ብቻ ቀረ። ሆደ ሰፊ፣ እስከ አፉ ዘይት የሞላ። የከተማዋ መብራት በሙሉ የሚበራው በእሱ ነው። «ጋሼ ጋን ባይኖር ጨለማ ይበላን ነበር» አሉ።

ወይ ጣጣ! ድመት ሰማች። አደባባይ ጠራቻቸው። መጡ፤ ገል ግን የለም።

«እሱኑ ስበሩትና በራሱ ገል ላይ ስሙን ጫሩ!»

ፍየል ቀንዷን ዝቅ አድርጋ ተንደረደረች።

«ቆዪ የኔ ልጅ» አላት ጋን። «እኔ ከተሰበርኩ፣ የምታባርሩት ማንን ነው?»

ፍየል ቀጥ አለች። አህያ አሰበ፣ አሰበ፣ አሁንም አሰበ።

«እውነቱን ነው እኮ» አለ።

«ሕግ ሕግ ነው!» ጮኸች ድመት። «መጀመሪያ ስበሩ፣ ማሰቡ ይደርሳል!»

ፍየል እንደገና ቀንዷን ዝቅ ስታደርግ ጋን ቶሎ አለ፦ «እሺ፣ ራሴው እሄዳለሁ። ለመሄድ ገል አያስፈልገኝም። ግን እግር የለኝም፤ ውታፌን አጥብቂልኝና በዚያው ቀንድሽ ቀስ አድርገሽ ግፊኝ።»

ፍየል ገፋችው። በአደባባዩ ተንከባለለ፣ በበሩ ተንከባለለ፣ በቁልቁለቱ ተንከባለለ።

«ጋሼ ጋን!» አለ አህያ ከኋላ። «ዛሬ መብራቴን በምን ልለኩስ?»

«እኔ ያለሁበት ናዋ!»

አህያ ሄደ። በግ «እኔስ?» ብላ ሄደች። ፍየል ቀድሞውንም እየገፋች ነበር። አንድ በአንድ ሁሉም ወረዱ። ታች አሸዋው ላይ ጎጆ ቀለሱ። ዓምድ የለ፣ እብነ በረድ የለ። ግን ሲመሽ መብራቱ ይበራል፣ ጨዋታው ይደራል፤ ጋሼ ጋንን እንደ ልባቸው ያመሰግኑታል፣ የሚከፋው የለም።

ላይ በባዶዋ ከተማ እመት ድመት ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ወጣች።

«አየህ?» አለችው ዓምዱን። «ከእኔ የሚበልጥ አንድም አልቀረም!»

«አዎ እመት ድመት» አለ ዓምዱ። «የሚያንስም አልቀረም።»

የተረቴ ፍሬ ይህችው ናት፣ በነጻ እንካችሁ፦ የሚበልጥህን ሁሉ አባርረህ አንደኛ ብትወጣ፣ የሮጥከው ብቻህን ነው።