የተውሶ ክዳን

ደጀን መናኸሪያ ላይ ቆሞ የሹፌሮችን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው አንዲት አባባል ሳይሰማ አይመለስም። ሆዱን እያመመው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው፣ ወይም ልጁ ደብተር መግለጥ ጠልቶ ሳለ ለመምህሩ «ሲያጠና ነው የሚያመሸው» የሚል አባት ሲገጥማቸው፣ እርስ በርስ ይተያዩና ያችኑ አባባል ጣል ያደርጓታል። እንግዳ ሰው ስለ መኪና የተባለች ይመስለዋል። ነገሩስ የጀመረው ከመኪና ነው፤ ጥፋቱ ግን የመኪናው አልነበረም።

የዚያን ቀን የጋሽ ሽባባው ጠዋት እንደ ወትሮው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ የትናንት ዳቦ በሻይ በላ፣ የሚኒባሱን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ወጣ። ሚስቱ ጠጄ በሕይወት ሳለች በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆማ «ውሃውን አየኸው?» ትለው ነበር። እሱም በየጠዋቱ «ሹፌሩ አንቺ ነሽ እኔ?» እያለ ይነጫነጭና ራዲያተሩን ከፍቶ ያይ ነበር። ጠጄ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ጠዋት የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አላየም።

ጎሃ ጽዮን ሰው አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ አቀበቱን እንዳጋመሰ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ወጣ። ጋሽ ሽባባው ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ነው። አዲስ ሹፌር በመጣ ቁጥር ጥግ እያስቆመ «የፈላ ራዲያተር እንደ ተቆጣች አማት ነው፤ እስኪበርድ አፉን አትንካው» ብሎ የሚመክረው እሱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ፀሐዩ ከበደው፣ ቸኮለ፤ ሹራቡን በእጁ ጠቅልሎ ክዳኑን ጠመዘዘው። እንፋሎቱ ፏ ሲል እሱ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ክዳኑ ደግሞ ወደ ገደሉ። ከድንጋይ ድንጋይ ሲነጥር ሦስት ጊዜ ሲያቃጭል ተሰማው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጋሽ ሽባባው ዙሪያውን ቃኘ። ከሁለት ዝንጀሮዎች በቀር ያየው የለም፤ እነሱ ደግሞ ወሬ አያመላልሱም። መንገድ ዳር የወደቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንሥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን አፍ ወተፈበት፤ ከጀሪካኑ ውሃ ሞልቶም እየተንፏቀቀ ደጀን ገባ።

ለዚያ አሮጌ መኪና የሚሆን ክዳን የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለቅዳሜ መሄዱ አይቀርም፤ ልጁ የዝና የምትመረቀው ቅዳሜ ነው። ጠጄ ከማረፏ በፊት ለልጇ «አባትሽ በገዛ መኪናችን ጎረቤቱን ሁሉ ጭኖ ይመጣልሻል» ብላታለች። አሥራ አንዱም ወንበር ከወዲሁ ተይዟል፤ የፊተኛውን የያዙት የልጅቱ የክርስትና እናት እትዬ አንጓች ናቸው። እስከዚያው ቆረቆንዳው ይይዛል ብሎ ነበር። አልያዘም። ሰኞ ፈላ፤ ማክሰኞም ፈላ። ረቡዕ ወደ አስማረ ጋራዥ መሄድ ግድ ሆነ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። መካኒኩን አስማረን መኪና መንዳት ያስተማረው ጋሽ ሽባባው ራሱ ነው፤ አስማረ ያችን የአማት ምክር በቃሉ ይዟታል። እሱ ፊት ቆረቆንዳ ወትፎ መቅረብ ሞት ሆነበት። ሰው ሠርግ ሲጠራ ጫማ ይዋስ የለ? ጋሽ ሽባባውም ተመሳሳይ ሚኒባስ ወዳለው ወደ ዘውዱ ሄደ። ዘውዱ ተራ ይዞ ቆሟል። ክዳኑን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲያውሰው፣ ለሚገዛለት ሰው ልኩን ሊያሳይበት እንደ ሆነ ነገረው። ዘውዱም ነቅሎ ሰጠው።

አስማረ እንደ ደህና ሐኪም ከጥያቄ ጀመረ። መቼ መቼ ነው የሚፈላው? አቀበት ላይ። ውሃ ያፈስሳል? እንጃ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ስፕሪንጉን ሞከረ።

«ጋሼ፣ ክዳንህ እንደ አዲስ ነው» አለ። «መኪና እንዳንተ የሚይዝ የለም።»

ጋሽ ሽባባው ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

አስማረ የላስቲክ ቱቦዎቹን ጨመቃቸው፤ ደህና ናቸው። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ ሳበው፤ አልላላም። ሞተሩን አስነሥቶ ግማሽ ሰዓት ቢያስጮኸው ቀስቱ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ጤነኛ ነው ብሎ ሸኘው። ጋሽ ሽባባው ክዳኑን ለባለቤቱ መልሶ፣ ቆረቆንዳውን ወትፎ ወደ ዓባይ ወረደ። ሲመለስ ፈላ።

ሐሙስ ክዳኑን እንደገና ተውሶ መጣ። አስማረ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥቶ በጣሳ በሚፈላ ውሃ ውስጥ በክር አንጠለጠለው፤ ሙቀቱ ሲደርስ እንደሚገባው ተከፈተ። የውሃውን ፓምፕ ፈትቶ አየ፤ ሰላም ነው። ጋራዡ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰውም ምክሩን አልነፈገም። አንዱ ጥቂት በሶ ቢጨመርበት ቀዳዳውን ይደፍናል አለ፤ ሌላው መኪናውን ዓይን በልቶታል አለ። አስማረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጋሽ ሽባባውን ትክ ብሎ አየው።

«እዚህ ሲመጣ ጤነኛ፣ በረሃ ሲወርድ በሽተኛ። ጋሼ፣ ይኼ መኪና እኔን ያፍረኛል እንዴ?»

ጋሽ ሽባባው ሊናገር አፉን ከፈተ። ጠጄ ብትሆን መኪናው ሳይቆም ተናግራ በጨረሰች ነበር፤ እሷ ነገር ሆዷ ውስጥ አታሳድርም። እሱ ግን «እንጃ» ብሎ ዘጋው።

ዓርብ ጠዋት ክዳኑን ለሦስተኛ ጊዜ ተውሶ ሲመጣ የቀረው አንድ ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ የሞተሩ ማሸጊያ ጋስኬት ተበልቶ ይሆናል። ያንን ለማየት ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መነሣት አለበት። አስማረ ቶሎ ከጀመረ እስከ ማታ መልሶ እንደሚገጥመው ተናገረ። ጋሽ ሽባባው አንድ ጊዜ መኪናውን፣ አንድ ጊዜ የተውሶውን ክዳን አየ።

«ፍታው» አለ።

እትዬ አንጓች የፊት ወንበራቸው ነገር አሳስቧቸው ከረፋዱ ጀምሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ተፈታትቶ ሸራ ላይ ተዘረጋ። ጋስኬቱ እንከን አልነበረበትም፤ ሲያነሡት ግን ከሁለት ተቀደደ። ምትኩ ደግሞ አዲስ አበባ እንጂ ደጀን አይገኝም። አስማረ ቁራጩን ይዞ እንደ ቆመ ዘውዱ እየሮጠ ገባ።

«ጋሽ ሽባባው፣ ተሳፋሪ ሞልቶልኛል፤ ክዳኔን።»

 አስማረ ቀስ ብሎ ዞረ።

«የማን ክዳን?»

«የኔ ነዋ። ከረቡዕ ጀምሮ ልኩን ሲያሳይበት ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ያንተው በምን ተከድኖ ነው በረሃ የሚወርደው?»

ጋሽ ሽባባው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ቆረቆንዳውን አውጥቶ ሸራው ላይ፣ ከተፈታው ሞተር አጠገብ አኖረው። አስማረ ቆረቆንዳውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ክዳኑ ካልያዘ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ይኼ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር» አለ። «አማቲቱን አፏን ነካሃታ፣ ጋሼ?»

«ነካኋት» አለ ጋሽ ሽባባው።

እትዬ አንጓች አልሳቁም። «የኔ ወንበርስ?» አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤቱ ሁሉ በዘውዱ ሚኒባስ ተሳፈረ። እትዬ አንጓች ከፊት ተቀመጡ፤ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጠው ጋሽ ሽባባው በሩ ሥር፣ የረዳቱ ወንበር ላይ ኩርምት አለ። ዘውዱ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ።

«ውሃውን አየኸው?»

«አየሁት፣ ጋሼ።»

መኪናው ዓባይን ወርዶ፣ ጎሃ ጽዮንን ወጥቶ፣ አንዴም ሳይፈላ አዲስ አበባ ገባ።

የዝና ጥቁር ካባዋን እንደ ለበሰች ከአዳራሹ ወጥታ ሁሉንም እየዞረች ሳመች። ከዚያ በጎረቤቶቿ ትከሻ ላይ አሻግራ መኪኖቹ ወደ ቆሙበት አየች። አሥራ አንዱም ጎረቤት መጥቷል፤ የቤታቸው መኪና ግን የለችም።

«አባዬ፣ መኪናችንስ?»

ጋሽ ሽባባው ኪሱ ውስጥ ከተማ እንደ ገቡ የገዛውን አዲስ ክዳን ጨበጠ። እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጅቱን በክንዷ ይዘው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱላት፦ «አትጠይቂው ልጄ፤ በተውሶ ክዳን ታይቶ፣ ሞተሩን አስፈታ።»