ናርዶስ ማን ቤት ትክረም?

«አንቺ ዳኛ አይደለሽም። ያየሽውን ተናገሪ፤ መፍረዱን ለተቀመጡት ተዪላቸው።» ይህን ያሉኝ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርቴን ሳላቋርጥ በፊት፣ የአማርኛ መምህራችን ናቸው። እኔም እንዳሉኝ ላድርግ።

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ወንዝ ዳር ከተማ፣ አንድ ሰፈር የሚኖሩ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። ትልቋ አስካለ፣ መካከለኛዋ ጥሩወርቅ፣ ትንሿ ስንዱ ይባላሉ። ርቆ የሚኖር ሾፌር ወንድምም ነበራቸው። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች፤ ልጃቸው ናርዶስ ስድስት ዓመቷ ነው።

ናርዶስ ኦቾሎኒ አይስማማትም። አይስማማትም ሲባል የሆድ ቁርጠት እንዳይመስላችሁ። በሦስት ዓመቷ አንድ ሠርግ ቤት ኦቾሎኒ የነካው ብስኩት ቀመሰች፤ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ሐኪም ቤት የደረሰችው ለጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ልጇን ይዛ የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ትርንጎ ደወለች።

«ለዳግማይ ትንሣኤ እንመጣለን። ክረምቱን ሥልጠና እንድገባ ተመርጫለሁ፤ ወንድማችሁ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ናርዶስን አንዳችሁ ጋ ልተዋት ነው። ማን ጋ እንደሆነ ግን መጥቼ፣ አይቼ ነው የምወስነው። ልቤ ካልጣለላችሁ ሥልጠናው ይቅር።»

«ተራ በተራ ብንይዛትስ?» አለች ጥሩወርቅ።

«አንድ ማድቤት መጠበቅ ይቻላል። ሦስቱን ማን ይችላል፣ እህቴ?»

አስካለ «ዳቦውን ለኔ ተዉት» አለች። ወፍጮ ቤቱ ስንዴውንም፣ ሽሮውንም፣ ኦቾሎኒውንም በዚያው ድንጋይ እንደሚፈጭ ታውቃለች። ስለዚህ ስንዴውን ለቅማ፣ አጥባ፣ አሰጣች። የእናቷን የእጅ ወፍጮ ፈግፍጋ አጠበች፤ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለዶሮዎች በትና የቀረውን ሦስት ቀን ሙሉ ፈጨች። ጎረቤቶቿ በአጥር ላይ ብቅ እያሉ «አስኩ፣ ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ይሏታል። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ትላቸዋለች። መዳፏ ውኃ ቋጠረ። እርሾውንም ዘይቱንም ለብቻ አስቀመጠች። የዳግማይ ዋዜማ ሰፊውን የዳቦ ድስት ከተሰቀለበት አወረደች። ውስጡን አየችው፤ ንጹሕ ነው። ኮባ አነጠፈችበትና ድፎውን ጋገረች።

ጥሩወርቅ «እኔ ደግሞ እጅ እጠብቃለሁ» አለች። የዳግማይ ዕለት ሳሙናና ጆግ ይዛ አስካለ ቤት በር ላይ ቆመች፤ ሳይታጠብ ያለፈ እንግዳ የለም። አንድ ባጃጅ ከደጅ አስቁማ ሾፌሩን «ክፉ ከመጣ ሐኪም ቤት ትበራለህ፤ ካልመጣ ዳቦ ትበላለህ» አለችው። ከዚያ ገብታ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ምሳ ላይ የአባታቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምስ እንጀራውን በወጥ ጠቀለሉና ወደ ናርዶስ አፍ ዘረጉ። እሳቸውም በር ላይ ታጥበዋል። ነገር ግን ከተቀመጡ በኋላ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሲወጣ ጥሩወርቅ አይታለች። የሽማግሌ ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፤ እጅ መያዝማ ከዚያም የባሰ ነው። ያዘቻቸው። 

«እኔን ነው?» አሉ ጋሽ ደምስ።

«እርስዎን ነው፣ ጋሼ። ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ገለበጡ። የተቆላ ኦቾሎኒ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ።

«በቀረችኝ ሁለት ጥርስ የማኝካትን ሰለላችሁብኝ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ፍሬውን አንድ በአንድ አስለቅማ፣ ምንጣፉን አስጠቅልላ ደጅ አስወጣች።

ስንዱ ከተዳረች ገና ስድስት ወሯ ነው። አማቷ ወይዘሮ ተዋበች በዚህ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ምራታቸው ባለሙያ ስለመሆኗም ገና አላመኑም። ዳቦው ቀረበ፣ ተባረከ፣ ተቆረሰ። ትርንጎ ድርሻዋን ተቀብላ ለልጇ ትንሽ ስትቆርስ፣ ስንዱ ሊታጠብ ደጅ የወጣውን ድስት በበሩ በኩል አየችው። ለፋሲካ ከአስካለ ተውሳው የነበረው ድስት ነው። ስትመልሰው፣ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ አሳፍሯት፣ ኦቾሎኒ የበዛበት ቆሎ ሞልታበት ነበር የመጣችው። አስካለ ቤት ስላልነበረች ቆሎውን ለግቢው ልጆች አከፋፈለች፣ ድስቱን በጨርቅ ጠረገችና ቦታው ሰቅላው ሄደች። ከዚያም ረሳችው።

አሁን ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ድስቱ ተጠርጓል፤ ኮባም ተነጥፎበታል፤ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ስንዱ ግን ጮኸች።

«ትርንጎ፣ አታጉርሻት! ድስቱ ኦቾሎኒ ነበረበት! እኔ ነኝ፣ በጨርቅ ነው የጠረግኩት!»

ቁራሹ ልጅቷ አፍ ሊገባ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር።

«ድስት ሳታጥብ ነው የምትመልሰው?» አሉ ወይዘሮ ተዋበች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

«አዎ፣ እማማ። ሳላጥብ ነው የመለስኩት።»

ናርዶስ ማልቀስ ጀመረች። ሰው ሁሉ ዳቦ ይዟል፤ የሷ ግን ከአፏ ላይ ተወሰደ። ይሄኔ አስካለ ተነሥታ ማድቤት ገባችና በኮባ የተጠቀለለ፣ ቡጢ የምታህል ዳቦ ይዛ መጣች። ለልጅቷ የራሷ ሙሉ ዳቦ ይኑራት ብላ፣ ከሊጡ ቆንጥራ ረመጥ ውስጥ የጋገረችው ነው። ድስቱ አልነካውም። ትርንጎ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት፤ አስካለም ሦስት ጊዜ መለሰችላት። ከዚያ ትርንጎ የራሷንም የልጇንም እጅ እንደገና አጠበችና ቆርሳ አጎረሰቻት።

ጠበቁ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ጋሽ ደምስ እንኳ ማውራት ትተው የልጅቷን ከንፈር ያያሉ። ናርዶስ እናቷን ቀና ብላ አየቻትና «ሌላ የለም?» አለች።

ትርንጎ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ቀጥ ብላ ነበር የተቀመጠችው። የባጃጁ ሾፌር አንገቱን በበሩ አስግጎ «ሥራ አጣሁ ማለት ነው?» ሲል፣ «እንኳን አጣህ! ታጠብና ግባ» አለችው ጥሩወርቅ።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ሦስቱ ከትርንጎ ፊት ተቀመጡ።

«ናርዶስ የበላችው የኔን ዳቦ ነው» አለች አስካለ። «እንዲያ ባልለፋ ኖሮ እያለቀሰች ትመለስ ነበር።»

«ድስቱ ምን ይዞ ተመለሰ ብለሽ ግን አልጠየቅሽም» አለቻት ጥሩወርቅ። «እኔ ያን እጅ ባልይዝ ነገሩ ገና ከዳቦው በፊት አልቆ ነበር።»

«አንቺስ? እጅ እጅ ስታዪ ዳቦው አልፎሽ ሄደ።»

«አንቺ ጋ አልተዋትም ብትዪኝ አልቀየምሽም፣ ትርንጎዬ» አለች ስንዱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እኔ ጋ ከሆነች፣ የሆነውን ሁሉ የዚያኑ ደቂቃ ትሰሚያለሽ።»

ትርንጎ ሦስቱንም አየቻቸው። ሥልጠናው አልቀረም፤ ልቧ ጥሎላቸዋል። ግን አንዷን መምረጥ አለባት።

እንግዲህ እናንተ በትርንጎ ቦታ ብትሆኑ፣ ናርዶስን ማን ቤት ትታችኋት ትሄዳላችሁ?

ይህን የነገርኳቸው ክትባት ወረፋ ይዘው ለተቀመጡ እናቶች ነው። እነሱ «አስካለ ናት!»፣ «ኧረ ስንዱ!» እየተባባሉ ሲጯጯሁ፣ አጠገቤ የነበረች አንዲት ሕፃን፣ ልጄ ወደያዘው ብስኩት እጇን ዘረጋች። ብስኩቱን ወደ ራሴ ሳብኩና እናቷን ትከሻዋን ነካ አድርጌ፣ «ይስማማታል?» አልኳት።