የጥሩምባ ነፊው የመዳኛ ቀን

አንድ ቀን፣ ቀኑን ግን አትጠይቁኝ፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ቀን ከመጠየቅ ነው፤ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ፣ ጓደኛዬ ወንድይፍራው፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተክል የድንኳኑ ብረት ተንሸራቶ አናቱ ላይ አረፈ። ወደቀ፣ ወዲያው ብድግ አለና «ምንም አልሆንኩም!» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ይሁን ብለን ዝም አልነው። በኋላ ስናየው ለካ ካስማውን የሚመታው የገዛ ጫማው ላይ ነው። ያን ጊዜ አፈፍ አድርገን ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ልጅ እግር ናት፣ ግን ነገሯ የበሰለ ነው። አስነሣች፣ አስቀመጠች፣ ጭንቅላቱን ፎቶ አስነሣችው።

«ጋሼ፣ አጥንትዎ ደህና ነው፣ ደምም አልፈሰሰም። አእምሮዎ ግን ትንሽ ተናውጧል። ቀላል ነው፣ ግን እረፍት ይፈልጋል» አለችው።

«መቼ እድናለሁ?»

«ብዙ ሰው በሁለት በሦስት ሳምንት ደህና ይሆናል። አንዳንዱን ደግሞ ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ መርሳቱ ለወራት አይለቀውም። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሚሆኑ ከአሁኑ ቁርጡን መናገር አልችልም።»

«ኧረ ዶክተር፣ ዳኛችን ቀን ይፈልጋሉ!»

«ይፈልጉዋ! ጭንቅላት በቀጠሮ አይድንም» ብላ ሳቀችና «እስኪሻለው ድረስ ከጩኸት፣ ከድካምና ከጥሩምባ ይራቅ» የሚል ወረቀት ጻፈችለት።

ዳኛችን ማለት የዕድሩ ዳኛ አቶ አጥናፍሰገድ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ የማያውቁት ነገር የለም፣ የሚጠሉት ነገር ቢኖር ባዶ ቦታ ነው። የዕድሩን መዝገብ በማስመሪያ አስምረው «የታመመው አባል»፣ «የታመመበት ቀን»፣ «የሚድንበት ቀን» ብለው ከፍለውታል። ሦስተኛው ካልተሞላ እሳቸው ዘንድ ሕመሙ ሕመም አይደለም። የሐኪሟን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ቀን የሌለው ወረቀት ምን ይሠራል? እኔ ጭንቅላቱን የተመታ ስንት ሰው አይቻለሁ! በሰባተኛው ቀን ልቅቅ ያደርገዋል» አሉና በገዛ እጃቸው ሰባተኛውን ቀን ሞሉበት።

በስምንተኛው ቀን የአቶ ጌጤነህ አክስት አረፉ። ዳኛው በማለዳ መጥተው የወንድይፍራውን በር አንኳኩ።

«ተነሥ፣ ድነሃል!»

«ኧረ አልዳንኩም፣ ዳኛ! ብርሃን እንኳ ሳይ ዓይኔን ይወጋኛል።»

«ትናንት እንደዳንክ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከመዝገብ ጋር ልትከራከር ነው?»

ምን ያድርግ፤ ወጣ። ጥሩምባውን አንዴ ቢነፋው የጮኸው የገዛ ጭንቅላቱ መሰለው። በዚያው የሟቿ ስም ጥፍት አለበት። ትዝ ያለው «ጌጤነህ» የሚለው ብቻ ስለነበር «አቶ ጌጤነህ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ሰው ደረቱን እየደቃ ግር ብሎ ቢሄድ በሩን የከፈቱት ራሳቸው አቶ ጌጤነህ ናቸው። ከፊት የነበሩት ሴትዮ በድንጋጤ ሟቹ አንገት ላይ ተጠምጥመው «ወይኔ ጌጤነህ! እንዲህ ደህና ሆነህ!» እያሉ ያለቅሳሉ። አቶ ጌጤነህም የሚወዳቸው ሰው መብዛቱን ሲያዩ ሆዳቸው ባባና አብረው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

በማግስቱ እሑድ የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። አቶ አጥናፍሰገድ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁን። ሰባተኛውን ቀን ሰርዘውታል፤ ሦስተኛው ቦታ ዳግመኛ ባዶ ነው። ይኸ ከሁሉም ነገር አብግኗቸዋል።

«ወንድይፍራው፣ ተነሥ! ዛሬ የምትድንበትን ቀን ትናገራለህ። አለዚያ ከመዝገብ ትሰረዛለህ» አሉ።

ከዕድር መሰረዝ የዋዛ ነገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሞት ሲለፍፍ የኖረ ሰው የራሱን የሚለፍፍለት፣ ድንኳን የሚተክልለት ሰው ሊያጣ ነው። ሚስቱ እልፍነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጓደኛው ነኝ ባዩ አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ባለመተንፈሴ እስከ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

ወንድይፍራው በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ፈርቶ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ቆመ።

«ዳኛ፣ በግምት ብናገርስ?»

«ግምት አይጻፍም! ቁርጥ ያለ ቀን ነው የምፈልገው።»

«ሐኪሟ ያላወቀችውን እኔ ከየት ላምጣው?»

«የገዛ ጭንቅላትህ አይደለም እንዴ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «በገዛ አካሉ የሚሆነውን የማያውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ወንድይፍራው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እውነትዎን ነው፣ ዳኛ። ጸሐፊ፣ ጻፍ! በመጀመሪያ ዳኛችን የሚሞቱበትን ቀን ያስመዝግቡ፤ የገዛ አካላቸው ነውና አያጡትም። እኔ በዋዜማው እድናለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እልፍነሽ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ሳቁ አፈናት። አቶ ጌጤነህ «እኔ አንዴ ስለሞትኩ ቀን አልጠየቅም!» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ። ሕግ አክባሪው ጸሐፊያችን ብቻ ሳይስቅ ብዕሩን አነሣና ወደ ዳኛው ዞሮ «ቀኑን ስንት ልበል፣ ጋሼ?» ብሎ ጠበቀ።

አቶ አጥናፍሰገድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እስኪሻለው ብለህ ጻፍ» አሉ በቀስታ።

እንደዚያ ተጻፈ፤ ወንድይፍራውም ከነስሙ መዝገቡ ላይ ቀረ። ጭንቅላቱ ግን ወራት ወሰደበት። በእነዚያ ወራት ዳኛው መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር «አይዞህ፣ አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ዳን» እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት «ተመስገን፣ ዳኛ! ዛሬስ ጨርሼ ድኛለሁ!» ያላቸው ዕለት በቀጥታ ቤታቸው ገብተው የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ።